የባባ ውሃ ላይ ያበራሁት መብራት

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለእናቴም ለባሌም አልነገርኩም። ብቻዬን ዱዓ ሳደርግ እንኳን እዚህ ጋ ስደርስ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ። ለእርስዎ የምነግርዎ ስለማያውቁኝ ነው። የሚያውቀኝ ሰው ያዝንልኛል፤ እኔ ደግሞ እንዲታዘንልኝ አልፈልግም።

ነገሩ የዓሣ ገንዳ መብራት ነው። ቢስቁም አልፈርድብዎትም። እኔም ያኔ ሰው በበሽታ እያለቀ ስለ ዓሣ ማን ይጨነቃል ብዬ ነበር።

በኮሮናው ዓመት አቡ ዳቢ፣ አል ናህያን ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት እሠራ ነበር። ሁለት ነበርን፤ እኔ ወጥ ቤቱን፣ እትዬ ከድጃ ጽዳቱን። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ እሷ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። የማዳም አባት፣ ባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሳሎን ውስጥ ትልቅ የዓሣ ገንዳ ነበራቸው። ውስጡ ያለው ተክል የፕላስቲክ አልነበረም፣ የእውነት ነው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እያንዳንዱን ሥር በገዛ እጃቸው አሸዋው ውስጥ ተክለውታል። ቤተሰቡ ለጥቂት ቀን ብሎ አል ዓይን ከተማ፣ አል ቃጣራ ሰፈር ወዳለው የድሮ ቤታቸው እንደሄደ መንገዱ ተዘጋ። እኔና እትዬ ከድጃ ገንዳውን ስንጠብቅ ቀረን።

ብዙም ሳይቆይ የገንዳው መብራት ተቃጠለ። ባባ በዋትሳፕ ድምፅ ላኩልኝ። ለተክል የሚሆን ነጭ መብራት ግዢ፣ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ እንዳይበራ፣ በራሱ የሚያጠፋው ሰዓት ላይ ሰኪው አሉኝ። እኔን የመረጡኝ እንግሊዝኛ ስለማነብ ነው፤ በዚያም ኮርቼ ነበር። የዓሣ ዕቃ ሱቅ ደወልኩ፤ ሰውዬው የሦስት መብራቶች ፎቶ ላከልኝ፤ ውሃው ጨዋማ ነው አይደለም፣ ጥልቀቱስ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ከሁሉም አብልጦ የሚያበራውን ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ፤ ሰማያዊ የተቀላቀለበት፣ ዓይን የሚወጋ ነገር። ለጨው ውሃ የተሠራ መሆኑን ካርቶኑ ላይ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዛፍ ያጠላበት ማሳ እንደማያፈራ እያየሁ አደግኩ፤ ብርሃን ሲበዛ ተክሉም የሚያምር መሰለኝ። ይህ ስህተት ነው፣ ኃጢአት አይደለም። ግን ሰዓቱን ለምን ነቀልኩት? ከሱብሂ እስከ መኝታ ለምን አበራሁት? ፈርቼ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው፣ ውጭ አምቡላንስ ይጮኻል፣ ጉሮሮዬን በከረከረኝ ቁጥር መጣብኝ እላለሁ። መብራቱ ሲበራ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ቅጠሉን ፀጉር የመሰለ ነገር ወረሰው፤ ዛሬ ብፍቀው ነገ ይመለሳል። ባባ በየጠዋቱ የገንዳውን ፎቶ ይጠይቁኛል። ምን ላክሁላቸው? መብራቱ ሳይቃጠል ያነሳኋቸውን። ስልኬ ላይ ሃያ ያህል ነበሩኝ፤ በየቀኑ አንድ አንድ እየመረጥኩ እልክ ነበር። “ማሻአላህ፣ ልጄ” ይሉኛል። እኔ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጣለሁ።

ለምን አልተናገርኩም? ማዳም በስልክ በዚህ ጊዜ ሁለት ሠራተኛ እንደማያስፈልጋት፣ ስትመለስ አንዳችንን እንደምታስቀር ነግራን ነበር። የሁለታችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እኔ የምታባርረኝን ምክንያት በእጄ ላቀብላት አልፈለግኩም።

አረንጓዴው እንዲሞት ብዬ መብራቱን አጥፍቼ ገንዳውን በአንሶላ ሸፈንኩት። ከቀናት በኋላ ስገልጠው ተክሉ በስብሷል፣ ዓሦቹም ታፍነው ሞተው ተንሳፍፈዋል። እትዬ ከድጃ ናት እጇን ከትታ አንድ በአንድ ያወጣቻቸው። በዚያ ሰሞን በሽታውን ፈርታ የበሩን እጀታም፣ ሪሞቱንም፣ የገንዳውን መስታወትም በበረኪና ትረጭ ነበር። የሞተውን ዓሣ እንደያዘች “እኔ እሆን እንዴ ሰዓዳ?” አለችኝ። አይደለሽም አላልኳትም። ነገሩን ለኋላ በልቤ ያዝኩት።

መንገዱ ሊከፈት ነው ሲባል መብራቱን መልሼ ሰዓቱ ላይ ሰካሁት። ካርቶኑን ቀዳድጄ ጣልኩ። ባባ ገብተው ገንዳው ፊት ቆሙ። ማዳም ማነው ይህን ያደረገው ብላ ጠየቀች። እኔ በዓረብኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፤ ከድጃ በረኪና ትረጭበት ነበር አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። እትዬ ከድጃ ዓረብኛዋ ጥቂት ቢሆንም ስሟንና የበረኪናውን ነገር ስትሰማ አንገቷን ደፍታ አዎ አለች፣ ጥፋቷን አመነች። ማዳም “ኸላስ” አለች፤ በቃ፣ አለቀ ማለቷ ነው። ባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከአሸዋው ውስጥ የበሰበሰውን ሥር መልቀም ጀመሩ።

የእኔ ኢቃማ ታደሰ። እትዬ ከድጃ በተገኘው የመጀመሪያ አውሮፕላን ወደ አገሯ ተመለሰች። ልጇን የምታስተምረው በዚያ ሥራ እንደነበር አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግኩት።

አሁን አል ዓይን ነኝ፤ አግብቻለሁ፣ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። እኛ ዘንድ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሰው ሁሉ እየተደዋወለ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይባባላል። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ አይማርም። እትዬ ከድጃ በየዓመቱ ከደሴ ትደውልልኛለች።

“ሰዓዳዬ፣ የዚያን ሽማግሌ ዓሦች የፈጀሁት እኔ ነኝ። እስካሁን ውሃ ያለበት አጠገብ በረኪና መክፈት እፈራለሁ። ባንቺም ላይ ሥራ አብዝቼ ሄድኩ። አውፍ በይኝ።”

“አውፍ ብያለሁ፣ እትዬ” እላታለሁ።

ሦስት ጊዜ እንዲህ ብያታለሁ። ያኔ የዋሸሁት ፈርቼ ነው ልል እችል ይሆናል። እነዚህን ሦስቱን ግን ምን ፈርቼ ነው? ኢቃማዬን የሚነካብኝ የለም፣ የሚያባርረኝም የለም። እርስዎንም ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ ይቅርታው በእጅዎ አይደለም።

ሻዕባን ሊያልቅ፣ ረመዳን ሊገባ ነው። ሰሞኑን ትደውላለች። ቀድሜ መደወል ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ቁጥሯም እፊቴ ነው። እስካሁን አልደወልኩም።