የጥድፊያ ፍቺ

ባለፈው ሰኞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የጋለ ፍሬን ሽታ በመስኮት ገባና፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ይነዳት በነበረችው አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ መልሶ አስቀመጠኝ።

ክረምት ነበር፤ ጉም መንገዱን ውጦት አባቴ አንገቱን አስግጎ እየዳበሰ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከእኔ ቀጥሎ ጎረቤታችን መሪጌታ ተቀምጠዋል፤ አንድ ቃል ከሰሙ ዘር ማንዘሩን ከግዕዝ ቆጥረው ሳያወጡ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። ከኋላችን የተቀመጠ ሰይድ የሚባል ወጣት ሰዓቱን እያየ ሦስት ጊዜ፣ «ጋሼ፣ በአላህ ትንሽ ይጣደፉልኝ» አለ።

መሪጌታ ዞር ብለው፣ «ጥድፊያ ምን እንደሆነ ታውቃለህ ልጄ? ዘሩ የግዕዙ ጸደፈ ነው። ጸደፈ ማለት ገደል ገባ ማለት ነው» አሉት።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ አባቴም፣ እኔም። ሰይድ ፊቱን አጥቁሮ «አውርዱኝ» ብሎ ወረደና ከኋላ እየከነፈ የመጣ የጭነት መኪና አስቁሞ ተሳፈረ። መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ አልፎን ጉሙ ውስጥ ገባ። ጥሩንባው ለጥቂት ጊዜ ከታች ይሰማን ነበር፤ ከዚያ ድንገት ጠፋ። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አዳመጠ። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ተንዶ፣ ገበሬዎች ቁልቁል እያዩ ቆመው አገኘናቸው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ስንደርስ ነው፣ ሰይድ ኮምቦልቻ ያሉት እናቱ ሕመም ጸንቶባቸው በሕይወት እንዲደርስባቸው ተጠርቶ እንደነበር የሰማነው። እናቱ እትዬ ዘሐራ ከሞት ተርፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። የገባውን ሁሉ፣ «ልጄን ቀስ በል የሚለው ሰው እንኳ አጣ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አባቴ ሊመልስ አፉን ሲከፍት መሪጌታ ክንዱን ያዙት።

ወደ ደሴ ስንመለስ አባቴ፣ «ነግረውት ነበር እኮ፤ ምነው ዝም አሉ?» አላቸው።

መሪጌታ፣ «አልነገርኩትም፤ አሳቅሁበት እንጂ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። እንደ ልማዴ የቃል ፍቺ ልጠይቃቸው ስሄድ ግን መልሳቸው፣ «እንጃ ልጄ፣ አላውቀውም» ሆነ፤ የሚያውቁትን ሁሉ ሳይነግሩኝ ሞቱ።