በወንዙ ራስ ያለ ደመና

ትናንት ልጄ ከፍኖተ ሰላም መጣች። የጫማዋን ጭቃ በረንዳው ላይ አራግፋ ሳትጨርስ ስልኳን አውጥታ አነበበችልኝ፤ በምዕራብ ጎጃም በዚህ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጥላል፣ ደራሽ ጎርፍም ሊያስከትል ስለሚችል በወንዝ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ ይላል።

«እማዬ፣ ለአባባ ሙት ዓመት የሚመጡት የማዶ ሰዎች በጠዋት ይሻገሩ፤ ልደውልላቸው» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሷ ወደ ጓዳ ገባች፤ የኔ ዓይን ወደ ወንዙ ራስ ሄደ።

በልጅነቴ ትንበያችን ይኸው ነበር። አባቴ «በአናትሽ ሰማይ አትታለዪ፤ የወንዙን ራስ እይ» ይሉኝ ነበር። ላይ አገር የወረደው ዶፍ እኛ ዘንድ የሚደርሰው አንድ ጠብታ ሳናይ ነው። ሰው ፀሐይ እየሞቀ ጎርፍ ይወስደዋል።

ያን ክረምት ገና ልጃገረድ ነበርኩ። ሐምሌ ተጋምሷል። ከታላቅ ወንድሜ ከአበረ ጋር ከቡሬ ገበያ ጨውና ላምባ ገዝተን እንመለሳለን። ሙሉቀንም አብሮን ነበር፤ ያኔ ጎረቤታችን እንጂ ባሌ አልነበረም። ለጤፍ የታረሰው መሬት ይሸታል። ቆሎ እየቆረጠምን ቁልቁል ስንወርድ ፀሐይ ጀርባችንን ትለበልበናለች። መሻገሪያው ላይ ስንደርስ ድንጋዮቹ ከውሃው በላይ ጎልተው ይታዩ ነበር።

ሙሉቀን ከዳር ቆመ። በወንዙ ራስ በኩል ደመናው እንደ ከሰል ጠቁሮ ውስጥ ለውስጥ ይብለጨለጫል።

«ትንሽ ቁጭ እንበል» አለ። «ውሃው ቅጠል ማምጣት ጀምሯል።»

«ቅጠል አየሁ ብለህ እዚሁ ልታሳድረን ነው?» አለና አበረ ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እታለም፣ ይኼን ሰውዬ ያገባች ሴት ክረምቱን ሙሉ ማዶ ለማዶ ሆና ነው የምታየው።»

እኔ አፈርኩ። ሙሉቀን ግን ሳይቆጣ «በሕይወት ከኖረች ማዶ ለማዶም ይበቃኛል» አለው። ተሳሳቅን፤ ተቀመጥንም። ወንድሜ ቀልደኛ እንጂ ግትር አልነበረም፤ ይህ ይታወቅለት። ሊጠብቅ ተስማምቶ ነበር።

ያን ጊዜ ከማዶ፣ ከፍ ብሎ ካለው መንደር፣ የሴቶች እሪታ ተሰማ።

በእኛ አገር እሪ ሲባል አይቀመጥም። ቤት ይቃጠል፣ ሰው ይሙት አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይደረሳል። ያልደረሰ በኋላ በምን ፊቱ ከሰው መሀል ይቀመጣል? አበረ ሽመሉን አንስቶ «እሪ እየተባለ!» አለና ወንዙ ውስጥ ገባ። እኔም ተከተልኩት። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኝ ሙሉቀን ከኋላ መቀነቴን ይዞ ጎተተኝና በጀርባዬ ወደቅኩ።

«አበረ ተመለስ! ጎርፉን አይተው ነው! ጎርፍ ነው!» እያለ ይጮኻል።

ወንድሜ መካከል ላይ ዘወር አለ። የሰማ ይመስለኛል። ከዚያ ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። በማግስቱ ቁልቁል ሩቅ ቦታ አገኙት።

ሴቶቹ እሪ ያሉት ከወንዙ እንድንርቅ ነበር። እኛ የምናውቀው ግን ወደ እሪታ መሮጥን ብቻ ነው።

ከሙሉቀን ጋር ከተጋባን ከብዙ ክረምት በኋላ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ድንች እየላጥኩ ጠየቅኩት።

«ለምን እሱን ትተህ እኔን ያዝክ?»

«ያለኝ ሁለት እጅ ነው» አለኝ። «ሁለቱም አንቺ ላይ ነበሩ።»

ሌላ ጊዜ አልጠየቅኩትም። እሱ ግን በወንዙ ራስ በኩል በጠቆረ ቁጥር ጋቢውን ተከናንቦ ወደ መሻገሪያው ይወርድና መንገደኛ ሲመልስ ይውል ነበር።

አምና በክረምት እሱም አረፈ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰማዩ በዚያው በኩል ጠቁሯል። እጁን እንደያዝኩ ትንፋሹ ቆመ። እሪታው ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ያኔ ማዶ ያሉት ወንድሞቹ እሪታዬን ሰምተው ወደ ወንዙ ሲሮጡ በሐሳቤ ታዩኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ጎርፉ መጥቶ እስኪያልፍ ከአጠገቡ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰው እስከ ዛሬ ያማኛል፤ ባሏ ሞቶ እሪ ያላለች ይለኛል። ይበል። ልጄ ለማዶዎቹ ደውላላቸዋለች፤ በጠዋት ይሻገራሉ። ከስልክ የሚነበብ ትንበያ ደግ ነገር ነው፤ ማንንም ወደ ወንዝ አያስሮጥም። የኔ ልቅሶ ግን ውሃው እስኪጎድል አሁንም እየጠበቀ ነው።