አንድ እቅፍ ደንገል

ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ከወንበር ጋር ተጣልተሃል እንዴ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ጠዋት ባሕር ዳር ካለው የግሽ አባይ ሰፈር ተነሥቼ እስከ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ከምሳ በኋላም ያው ነው። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ስንቆራጠጥ ከአንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት አንድ ወጣት ታንኳ ሲያስር አየሁ። ደንገሉ፣ ታንኳ የሚሠራበት ያ የረግረግ ተክል፣ ገና አረንጓዴ ነው። ጨበጥ ባደርገው ውሃው በጣቶቼ መካከል ወጣ።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ አልደረቀም» አልሁት።

«ለፎቶ ነው አባባ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «እንግዶች ተቀምጠውበት ይነሣሉ እንጂ ውሃ ላይ አይወጣም።»

መንገዴን ቀጠልሁ። ያ የእርጥብ ደንገል ሽታ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ምሳዬንም በወጉ አልበላሁ።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ያለፍሁ ጊዜ ቤታችን ከባሕር ዳር ማዶ፣ ሐይቁ ዳር ባለች መንደር ነበር። ትምህርት ቤቱ ከተማ ነው። በየብስ ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በታንኳ ከሆነ ፀሐይ ሳትበረታ ይደረሳል። የአባቴ ታንኳ አንዲት ናት፤ እሷም ጠዋት ጠዋት መረብ ላይ ነች። ከተማ የሚያስጠጋኝ ዘመድ የለም። እስከ ምዝገባው ድረስ የራሴ ታንኳ ከኖረኝ እማራለሁ፤ ከሌለኝ መረብ እየጣልሁ እኖራለሁ። መረብ መጣል ነውር የለበትም። እኔን ግን ቁጭ ብሎ ዓሣ መጠበቅ ይገድለኝ ነበር።

አባቴ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። «ማሰሩን አሳይሃለሁ፤ ማድረቁ ያንተ ነው» አሉኝ። «በየቀኑ አንድ እቅፍ እጨድ። ዘርግተህ ከምታገላብጠው በላይ እንዳታጭድ።»

ነሐሴ ገብቷል፣ ምዝገባው ደርሷል፣ እሳቸው አንድ እቅፍ ይሉኛል። ደሜ ፈላ። በማግስቱ እሳቸው መረብ ላይ ሳሉ ረግረጉ ውስጥ ገብቼ እስኪመሽ አጨድሁ። ማታ መጥተው ከቤታችን ጣሪያ እኩል የቆመውን ክምር አዩና ዝም አሉ። ዝምታቸውን ከአድናቆት ቆጠርሁት። ከዚያ ዝናቡ ያዘ። አሮጌ ምንጣፍ አለበስሁትና ጠበቅሁ። ዝናቡ አባርቶ ክምሩን ብከፍተው ትኩስ እንፋሎት ፊቴን መታኝ፤ ውስጡ ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ እጅ ላይ የሚዝለገለግ ሆኗል።

እናቴ ከደጃፉ ቆማ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች።

መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ጢም ሊያወጣ የደረሰ ጎረምሳ፣ እናቱ ፊት።

ከዚያ በኋላ አንድ እቅፍ ሆነ። የነሐሴ ፀሐይ ሌባ ናት፤ ብቅ ስትል እዘረጋለሁ፣ ሳገላብጥ ትደበቃለች፣ ሮጬ እሰበስባለሁ። ማታ ማታ ምድጃው ዙሪያ እያቆምሁ በጭስ አደርቃለሁ። እሳቱ ዳር እሸት በቆሎ ስንጠብስ ደንገሉ ከጀርባችን ይንጠባጠባል። እናቴ «ቤቴን ረግረግ አደረግኸው፤ ነገ ደግሞ ጉማሬ ይዘህ ትመጣለህ» ትለኝ ነበር። የሚያናድደኝ ደግሞ ያቺ እቅፍ ስትደርቅ ምንም አታህልም። ሰዎች ትዕግሥት ጣፋጭ ነው ሲሉ እስቃለሁ። ለእኔ አንድም ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። እያጉረመረምሁ አጨድሁ፣ እየተነጫነጭሁ አገላበጥሁ፤ ደንገሉ ግን ስሜቴን አልጠየቀኝም፣ ደረቀ።

የምዝገባው ዋዜማ አባቴ ያለኝን ደንገል ዙሪያውን አዩት። «ጠባብ ትሆናለች» አሉ። ቀጥለው እኔን አዩኝ፤ «አንተም ቀጭን ነህ።» አብረን አሰርናት።

በጠዋቱ ጉም ውስጥ ተንበርክኬ ቀዘፍሁ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ገባ፤ ታንኳዋ ግን አልሰጠመችም። መዝጋቢው የሚንጠባጠበውን ሱሪዬን አይቶ «በዋና ነው የመጣኸው?» አለኝ። ስሜን ጻፈ።

ማታ በደስታ እየዘለልሁ ዳር ወጣሁና ወደ ቤት ልሮጥ ስል አባቴ ጠሩኝ።

«ከውሃ አውጥተህ አቁማት፤ ትድረቅ። ነገም አንድ እቅፍ እጨድ።»

«ታንኳዬ እኮ ተሠርታ አለቀች፣ አባባ።»

«ይህች ጥር ሳይገባ ትበሰብሳለች።»

የሐይቅ ዳር ልጅ ሆኖ ታንኳ እንደሚበሰብስ የማያውቅ የለም። የእኔዋም እንደምትበሰብስ ግን እንዲያው አላሰብሁም ነበር። እናም ሁለተኛ ደረጃን የጨረስሁት በአንዷ እየሄድሁ፣ ሌላዋን እያደረቅሁ ነው። ከእነዚያ ታንኳዎች ዛሬ ስንጥር እንኳ የለም።

መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄድሁ። ለመጀመሪያው ዕረፍት ስመለስ ከግድግዳችን ጥግ የደረቀ ደንገል እስከ ጣሪያው ቆሞ አገኘሁ። ማን እንዳደረቀው እናቴን ጠየቅኋት።

«አባትህ ናቸው» አለች። «ከሄድህ ጀምሮ በየቀኑ አንድ እቅፍ። ‹ሲመጣ ታንኳ ይፈልጋል› ይላሉ።»

የመጣሁት በመኪና ነበር፤ የምመለሰውም በመኪና። አባቴ ከመረብ ሲመለሱ ጉልበታቸውን ሳምሁና ታንኳ አልፈልግም ሳልላቸው አብረን ለማሰር ተቀመጥን። ከሠራናቸው ሁሉ ሰፊዋ እሷ ነበረች።

ትናንት ወደዚያ ሻይ ቤት ተመለስሁ። ወጣቱ አልነበረም። የተረፈው ደንገል ሣሩ ላይ በአንድ ጎኑ ተኝቷል፤ ላዩ ገርጥቷል፣ ሥሩ ገና እርጥብ ነው። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አገላበጥሁት። ወጣቱ ሻይ ይዞ ሲመጣ አገኘኝ።

«አባባ፣ ለፎቶ ነው ብዬዎት አልነበር?»

«ብለኸኛል» አልሁት። «ነገም መጥቼ አገላብጥልሃለሁ።»