በረግረጉ ዳር የተቀበልኩት መሬት

የባለቤቴን ወንድም አንድ ዓመት ሙሉ ከሱብሂ ሰላት በኋላ በዱዓ አስቤዋለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንደ እሱ ያሰበልን ሰው የለም ብዬ አምን ነበር።

መሬታችን ከገዋኔ ወጣ ብሎ ነው። የእኔ ከፍ ያለው ላይ ነበር። ሽንኩርት አበቅልበታለሁ፤ ውሃ ግን በፓምፕ ካልተሳበ አይደርሰውም፣ ፓምፑም ናፍጣ ይፈልጋል። የእሱ መሬት ከረግረጉ ጋር ይዋሰናል። ትንሽ ቦይ ከቀደዱለት ውሃው በራሱ ይመጣል። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ እንለዋወጥ አለኝ። ናፍጣው ብቻዋን ለቀረች ሴት እንደሚከብድ፣ እሱ ግን እንደሚችለው ነገረኝ። ትልቋ ልጄ አዋሽ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማር ነበር፤ የሚያስተምራት ሽንኩርቱ ነው። በሰው ፊት አመሰገንኩት። ወረዳ ሄደን አስመዘገብን፣ ፈረምን።

አንዱን ምርት በደንብ አነሳሁ። ሁለተኛውን ልተክል ስል ሰዎች በመኪና መጡ። ከመደቤ በላይ፣ በመንገዱ በኩል፣ ነጭ የተቀቡ ድንጋዮች ተከሉ። ረግረጉን ለመጠበቅ የወጣው ደንብ ተሻሽሏል፤ ከድንጋዩ እስከ ውሃው ድረስ ሣር ማጨድ እንጂ ማረስ አይቻልም አሉ። መሬቴ ሙሉ በሙሉ ከድንጋዩ ወደ ውሃው በኩል ቀረ።

በደንቡ ቂም የለኝም። ረግረጉ እየደረቀ ከብት ጭቃ ውስጥ ሲቀር አይቻለሁ። ምትክ ልጠይቅ ብዬ ብቻ ወደ ሰመራ ሄድኩ። በጭነት መኪና ነበር የተሳፈርኩት። ሾፌሩ የምሄድበትን ጉዳይ ሲሰማ፣ «እናታችን፣ ሰመራ ላይ ጥላ ካገኙ መሬት ከማግኘት አይተናነስም» ብሎ ረዳቱን አሳቀው። እኔም ሳቅሁ።

ቢሮው ውስጥ ያገኘሁት ወጣት በትሕትና አስተናገደኝ። ምትክ የሚሰጠው ደንቡ ሲረቀቅ በመሬቱ ላይ ለነበረ ሰው እንደሆነ፣ እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንደገባሁ ነገረኝ። በረቂቁ ላይ የየጎሳው ተወካዮች ተጠርተው ተወያይተዋል ብሎ የስም ዝርዝሩን አዞረልኝ። የባለቤቴ ወንድም ስም ነበረበት፤ ከነፊርማው። ቀኑን አየሁት። ለመለዋወጥ ቤቴ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ከዚያ ስብሰባ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኝተን ነበር። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይጠያየቃል፤ ያየውንና የሰማውን ሁሉ አንዱ ለሌላው ይናገራል። በዳጉ መዋሸትም መደበቅም ነውር ነው። እሱም ቁጭ ብሎ ነገረኝ፤ ዲቾቶ ላይ የተገለበጠውን መኪና፣ ዝናብ የጣለበትን ቦታ፣ የፍየሉን ገበያ፣ የታመመውን የአክስቱን ልጅ። ስብሰባውን አልነገረኝም። እኔ ደግሞ በዳጉ ያልተነገረኝ ነገር የለም ብዬ ነው የኖርኩት። እንለዋወጥ ሲለኝ ማንንም ያልጠየቅሁት ለዚህ ነው።

ከሰመራ ስመለስ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። በቀድሞው መሬቴ ላይ ሽንኩርት ያጠጣ ነበር።

«ከስብሰባው ስትመለስ ስለ ረግረጉ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ገና አልጸደቀም ነበር፣ እህቴ። ያልጸደቀ ነገር ወሬ ነው፤ ዜና አይደለም።»

«በወሬ ነው እንግዲህ መሬትህን የለወጥከው?»

የሞላውን መደብ በአካፋ ዘጋና ሌላውን ከፈተ።

ጉዳዩን ለጎሳ ሽማግሌዎች አቀረብኩ። አስገድዶሻል ወይ አሉኝ። አላስገደደኝም አልኩ። በሰው ፊት አመስግነሽዋል ወይ አሉኝ። አዎ፣ መርቄዋለሁም አልኩ። ከእነሱ አንዱ፣ በጋብቻ የሚዛመደኝ፣ «ምላስሽ ለእሱ ጥብቅና ቆመ» አለኝ። እውነቱ ግን ያ ነበር፤ ሌላ ምን እላለሁ? ልውውጡ ይጽና ብለው ወሰኑ። ዳጉ በመደበቁ ፍየል አርዶ ይታረቀኝ ብለው ፈረዱበት።

በዚያው ሳምንት ልጄን ከአዋሽ አስመጣኋት። አሁን አብራኝ ሣር ታጭዳለች፤ ገዋኔ ወስደን ለከብት ነጋዴዎች እንሸጣለን። አልሃምዱሊላህ፣ ተርበን አናውቅም። ስለ ትምህርቱ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ፍየሉ የታረደው እሷ በመጣች ማግስት ነው። ዕርቁ እንዲጸና ሁላችንም ከሥጋው መብላት ነበረብን። የባለቤቴ ወንድም ራሱ ቆርጦ አቀረበልኝ። ልጆቼ በሉ። ሥጋ ከቀመሱ ሰንብተው ስለነበር ስለ እነሱ አላህን አመሰገንኩ። አንቺስ ለምን አትበዪም ሲሉኝ ጾመኛ ነኝ አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ፣ አላህ ይቀበልሽ አሉኝ።

አልጾምኩም ነበር።