ፊተኛው ረድፍ

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ካሜራውን የሚይዘው ባለቤቱ ነበር፤ ሰውን የሚያስቀው ግን እሷ ነበረች። ለጉርድ ፎቶ የመጣውን ኮስታራም፣ እናቱ ጉያ ገብቶ የሚነፋረቀውን ሕፃንም በርጩማው ላይ ታስቀምጠውና አገጩን በጣቷ ቀና አድርጋ አንድ ነገር ጣል ታደርግበታለች። ሰውየው ሳያስበው ፈገግ ሲል ካሜራው ቀጭ ይላል። እሷ ራሷ ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ድረስ ይሰማል። ለዚህ ነው ሰፈሩ በሙሉ ፍልቅልቅ የሚላት።

አንድ ጠዋት ስትጉመጠመጥ ውሃው በግራ ከንፈሯ በኩል ዥው ብሎ ወረደ። መስታወት ብታይ ግራ ፊቷ ወርዷል፤ ዓይኗም አልከደን ብሏል። ሐኪሙ፣ “የፊት ነርቭ ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ አንዳንዱ ግን እንዲሁ ይቀራል” አላት። እሷ ከአንዳንዶቹ ሆነች። ወራት አልፈው ዓይኗ መከደን ቢጀምርም ከንፈሯ እንደተጣመመ ቀረ። ስትስቅ ቀኙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ግራው ንቅንቅ አይልም።

ክፉ የተናገራት ሰው አልነበረም። የባሰባትም ይኸው ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት “እስኪሻልሽ ድካም አይብዛብሽ” ብሎ ወደ ጓዳ አዛወራት፤ እዚያ የታተመ ጉርድ ፎቶ እየቆረጠች ፖስታ ውስጥ ስትከት ትውላለች። ታላቅ እህቷ ሻርፕ ገዝታ መጣችና “አፍሽን ሸፈን አድርጊው፣ ብርድ እንዳይመታሽ” አለቻት። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ባሏ ደግሞ የተጠሩበት ቦታ ሁሉ “ትንሽ አሟታል” እያለ ብቻውን መሄድ ለመደ።

ከመታመሟ በፊት ከባሏ ጋር አንድ ጉዞ አስበው ነበር። ተራራ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ አለች፤ ያላት አንድ ዋና መንገድ ነው፣ ግን በግራም በቀኝም የትርኢት አዳራሽ ነው። ዘፋኙም፣ ምትሃተኛውም፣ ኮሜዲያኑም እዚያ በአካል ይታያሉ። ፍልቅልቅን በቴሌቪዥን ጥርስ የማያስከድናት አንድ ቀልደኛ በዚያ ሰሞን እዚያ እንደሚሠራ ሰምተው ሆቴል ይዘው፣ ቀን ቆርጠው ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ታዲያ ጉዞውን የሚያነሳ ጠፋ። እሁድ እህቷም ባለችበት ምሳ እየበሉ፣ ራሷ አነሳችው።

“ሻንጣው የት ነው?” አለች።

“የምን ሻንጣ?” አለ ባሏ።

“ወደ ተራራዋ ስንሄድ የምንይዘው።”

እህቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። “እንዲህ ሆነሽ?”

“እንዴት ሆኜ፣ እትዬ?”

እህቷ ወደ ሳህኑ አቀረቀረች። ባሏ በሷ ፈንታ፣ “ሲሻልሽ እንሄዳለን። ከተማዋ እንደሆነች የትም አትሄድ” አለ።

በማግሥቱ ፍልቅልቅ ከጓዳዋ ሆና፣ አዳራሹ ምን ያህል እንደሚርቅ ለመጠየቅ ሆቴሉ ጋ ደወለች። እንግዳ ተቀባይዋ ትንሽ ፈልጋ፣ “ይቅርታ እመቤት፣ ባለቤትዎ ሰርዘውታል እኮ። ቆየ” አለቻት።

ደሟ ፈላ። ስልኩን ግን አልዘጋችም።

“እንደገና ያዢልኝ።”

“ለስንት ሰው?”

“ለአንድ።”

ቀጥላ አዳራሹ ጋ ደወለች። ትኬት ቆራጩ መሃል ላይ ጥሩ ወንበር እንዳለ ነገራት።

“እኔ የምፈልገው ፊተኛውን ረድፍ ነው።”

“እዚያ የተቀመጠን ሰው ይለክፋል፤ እየነገርኩዎት ነው። በኋላ ቅር እንዳይልዎት።”

“እሱን ብዬ ነው” አለች።

ማታ ባሏ ጫማውን ሳያወልቅ ያዘችው። “ለምን ሰረዝከው?”

“ላንቺ ብዬ ነው። ሰው አፍጥጦ እንዳያይሽ።”

“እኔን እንዳያዩኝ ነው ወይስ አንተን ከእኔ ጋር እንዳያዩህ?”

ባሏ “እንዲህማ አትበይ” ብቻ አለ። “በይ እሺ፣ አብረን እንሂድ” እስኪል ጠበቀችው፤ አላለም። ከስረዛው ይልቅ ያቃጠላት ይህ ነበር። ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች፣ አቧራውን ጠረገችና የራሷን ልብስ ብቻ ከተተች።

የጉዞው ዕለት አውቶቡስ ተራው ስትደርስ እህቷ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ፊቷን እንዳጨፈገገች ቆማለች። “ብትወድቂ ማን ያነሳሻል ብዬ እንጂ ቀልድ አምሮኝ አይደለም” አለች ሰላምታ እንኳ ሳታቀርብ። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲያያዘው ቅዝቃዜው ገባ። እህቷ ወደ ሻርፑ ጠቆም አደረገች፤ ፍልቅልቅ ከአንገቷ ፈታችውና በእህቷ አፍ ላይ ጠመጠመችው። “አንቺን እንዳይመታሽ” አለቻት።

ትርኢቱ የከሰዓቱ ነበር። ለእህቷም ከጎኗ ወንበር ተገኘላት። ቀልደኛው በቴሌቪዥን ከሚታየው አጠር ያለ ሰው ነው፤ መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ በፊተኛው ረድፍ ጀመረ። የራሰ በራውን ሰውዬ ራስ አንድ ነገር አለው፤ የአዲስ ሙሽሮቹን አቀማመጥ አንድ ነገር አለው፤ ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ፍልቅልቅ ጋ ሲደርስ አፉን ከፈተ፣ ፊቷን አየ፣ አፉን ዘጋ። “እንኳን ደህና መጡ እናቴ” ብሎ በትሕትና አንገቱን ዝቅ አደረገላትና ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ።

የፎቶ ቤቱ ጓዳ እዚህም ተከትሏት መጣ። ተነስታ ቆመች።

“እኔን ለምን ዘለልከኝ?”

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እህቷ ቀሚሷን ይዛ ወደ ታች ትጎትታለች፤ “ኧረ ተቀመጪ፣ ኧረ በፈጠረሽ!”

“አልዘለልኩዎትም፣ እናቴ...”

“እርስዎ አትበለኝ! እሱን ‘አንተ ራሰ በራ’ አላልከውም? እኔ ከሰው በምን አንሼ ነው?”

ቀልደኛው ወደ መድረኩ ጫፍ መጥቶ ቁጢጥ አለና ፊቷን በደንብ ተመለከተ፤ በቀኝ አየ፣ በግራ አየ።

“እሺ” አለ። “በቀኝ በኩል ትስቂልኛለሽ፣ በግራ በኩል ፊት ትነሺኛለሽ። የትኛውን ልመን?”

“ግራው ቶሎ አይገባውም” አለች ፍልቅልቅ። “ድገምለት!”

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ቀልደኛው ራሱ ማይክሮፎኑን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሳቀ። ፍልቅልቅም ስትስቅ ያ የድሮው ሳቋ መጣ፤ አፏን በእጇ ሳትጋርድ፣ ምራቋ በግራ በኩል ጠብ ሲል ሳትደነግጥ።

እህቷ እንደወጡ፣ “አዋረድሽኝ!” አለቻትና እስከ ማግሥቱ ቁርስ ድረስ አኮረፈቻት። ቁርስ ላይ ግን ሻዩን እየጠጣች ሳለ “ድገምለት...” ብላ አጉረመረመችና ትን አላት።

ፍልቅልቅ ስትመለስ ማንንም ሳታስፈቅድ ወንበሯን ከጓዳ አውጥታ የቀድሞ ቦታዋ አደረገች። ባለቤቱ፣ “ደንበኛ እንዳይሸሽብን” ሲል፣ “የሸሸ ይሽሽ፤ ካልመጡልህ ያን ጊዜ አውራኝ” አለችው። አንዲት ሴትዮ በእርግጥም ልጇን ይዛ ወጣች፤ ያን ቀን ከፍቷት ዋለች። ቦታዋን ግን አለቀቀችም። ውሎ አድሮ ባለቤቱ ነገሩን ማንሳቱን ተወ።

ባሏ ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ ወሰደበት፤ በመጨረሻ ግን ጠየቃት። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል አብረው ሲሄዱ አንድ ሽንኩርት ሻጭ ሚዛኑን እንደያዘ ፊቷን እያየ ፈዞ ቀረ። ባሏ “ምን ያፈጥጣል ይሄ?” ብሎ ሊሄድበት ሲል ክንዱን ያዘችው።

“ተወው፣ ይየኝ። ዓይን አለው አይደል?”

ከዚያም ወደ ሻጩ ዞረችና ባላት አፍ ሁሉ ሳቀችለት።