በሒና የቀላው ጢም

ሰኢድ የሰው ፊት መሳል የተወው በሃይማኖቱ ምክንያት ነው ይላሉ። ውሸት ነው። በእኔ ምክንያት ነው።

በቀደም ሐያት የምትባል የደሴ ልጅ የሟቹን ሠዓሊ የሰኢድን ሕይወት እንደ ኮሚክ ሳጥን በሳጥን ስላ፣ መጽሐፍ ሊሆን ነው ብላ ረቂቁን አሳየችኝ። አንዱ ገጽ ላይ ሰኢድ ከመስጊድ ወጥቶ ብሩሹን ይጥላል። ያማረ ገጽ ነው። የሞተ ሰው ምክንያቱ ሁሉ ያምርለታል።

በደርግ ጊዜ ሁለታችንም ወጣቶች ነበርን። ለአብዮት በዓል በሚሰቀለው ሸራ ላይ መፈክሩን እኔ እጽፋለሁ፤ የሦስቱን ጢማም ፈረንጆች፣ የኮሚኒዝም አባቶችን፣ ፊት እሱ ይስላል። እሱ የሳለው ፊት ሊያናግርህ የተዘጋጀ ይመስላል። ነሐሴ ነበር፤ የደሴ ጉም በመስኮት እየገባ ቀለሙ አልደርቅ ብሎናል። አንድ ጠዋት ስገባ የመካከለኛው ፈረንጅ ጢም ቀልቷል።

«ያ ሰኢድ! ሰውዬውን ምን አደረግካቸው?»

«ሒና ነዋ! ትልቅ ሰው ጢሙ እንዲህ ገርጥቶ አደባባይ ይወጣል? ወላሂ ነውር ነው።»

አልቀለደም። ገራዶ መንደር ያሉትን ጢመ ቀይ አያቱን በሚያከብርበት ዓይን ነው ያከበራቸው። አንድ ቃል ብተነፍስ ወዲያው ግራጫ ይቀባው ነበር። እኔ ግን ለቀልዱ ሳሳሁ። ቀለም ልገዛ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ ይሞቃል። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ትኩስ ሳንቡሳ እየገመጥኩ፣ «ሰኢድ ፈረንጁን ሐጂ አድርጎ ደሴ አስገባቸው!» አልኩ። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። «እስቲ ድገምልን» አሉኝ። ደገምኩ። አንደበተ ርቱዕ መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ እስከ ዛሬም እንጀራዬ ሰው ማሳቅ ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደሴ ገባ። ሸራው ወረደ፤ ሰኢድ ታሰረ። በበጋ ሲፈታ ልጠይቀው ሄድኩ። ከስቷል።

«‹ሐጂ አደረግካቸው› እያሉ ነው የገረፉኝ» አለኝ። ዓይን ዓይኔን አየኝ።

ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና በር ላይ አበባና አንበሳ ይስል ነበር እንጂ የሰው ፊት አልነካም። ለምን ሲሉት «ዲናችን አይፈቅድም» ይላል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ። እኔም ራሴን ነቅንቄ አጸድቅለታለሁ።

ለሐያት ይህን ሁሉ ነገርኳት። እርሳሷን አነሳች።

«ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎን እንዴት አድርጌ ልሳልዎት?»

«እየሳቅኩ።»

መጽሐፉ ሲወጣ ቀዩ ጢም ያለበት ገጽ ላይ ትደርሳላችሁ። ያስቃል፤ አውቃለሁ። አትሳቁ።