የሰባት ቁጥር ሹፌርና የሚስቱ ብስክሌት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰባት ቁጥር አውቶቡስን ሲነዳ ስለኖረ፣ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መንጃ ፈቃዱ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ጎረቤቱ፣ ሥጋ ሻጩ፣ አማቱ ሳይቀሩ «ሰባት ቁጥር» ነበር የሚሉት። እሱም ቅር አይለውም።

ሚስቱ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ትተኩሳለች። ሰው «ባለቤትህ ምንድን ነው ሥራዋ?» ሲለው «ተኳሽ ናት» ይላል፤ ጠያቂው ክው ሲል ደግሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሆስፒታሉ ዳገቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያመላለሳት እሱ ነው። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር የእሷ ናት፤ ማንም አይቀመጥባትም። እሱ መንገዱን በመስኮት፣ ሚስቱን በመስታወት እያየ ይነዳል።

ከዚያ ጡረታ ወጣ።

እሱ እቤት ሲቀመጥ ጣጣው የተረፈው ለእሷ ነው። አዲሱ ሹፌር ወንበሯን አያውቅም፤ አውቶቡሱ እነሱ ፌርማታ ሲደርስ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዱ ያልፋታል፣ ሁለተኛው ያልፋታል፣ በሦስተኛው በአንድ እግሯ ቆማ ትሄዳለች። ሥራው ደግሞ ራሱ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ መቆም ነው። «ጉልበቴ ሥራው ላይ መች ደረሰ፣ ሰልፉ ላይ አለቀ እንጂ» ትላለች ማታ እግሯን እያሸች። እሱም የአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱን የመኪና ድልድል ይራገማል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታዲያ ከደረጃው ሥር ጠራችው። ወርዶ ሲያይ አረንጓዴ ብስክሌት ይዛ ቆማለች፤ ወገቡ ላይ ጥቁር ባትሪ የተለጠፈበት፣ ከኋላ ቅርጫት ያለው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ብስክሌት።»

«ብስክሌትነቱንማ አየሁት። የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ! እኛ ሆስፒታል ያለች አንዲት ነርስ የራሷን ብስክሌት ግቢው ውስጥ አስሞከረችኝ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው።»

«በሃምሳ አራት ዓመትሽ?»

«እሱ ዕድሜ አይጠይቅም። ፔዳሉን ረገጥ ስታደርገው የቀረውን ራሱ ያግዝሃል።»

«የሹፌር ሚስት በሁለት ጎማ! ሰው ምን ይላል?»

«ሹፌሩ ስድስት ጎማውን አስረክቦ ተቀመጠ፤ ሚስቱ በአየር ትሂድ?»



ሰኞ ጠዋት ሄልሜቷን አጥልቃ ሄደች። ከቤት ሆስፒታል አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው መንገድ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆነ። «ዳገቱ ላይ ደግ ሰው ከኋላ ገፋ እንደሚያደርግህ ነው» ብላ ነገረችው። ማታ ባትሪውን ነቅላ ሦስተኛ ፎቅ ይዛው ትወጣና ልክ እንደ ስልክ ከግድግዳው ትሰካዋለች። ብስክሌቱ ራሱ ግን ከባድ ስለሆነ ደረጃው ሥር በሰንሰለት ታስሮ ያድራል። ዝናብ ሲመጣ ኮርቻው በፌስታል ይሸፈናል፣ እሷም የዝናብ ልብሷን ደርባ «አልሟሟም» እያለች ትወጣለች።

ሰባት ቁጥር በመስኮት ያያታል። ያኮረፈ ይመስል ነበር፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ድሮ ከራት በኋላ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ይጥላት የነበረች ሴት አሁን ወሬዋ አያልቅም፦ የወንዙ ዳር አቋራጭ፣ በየጠዋቱ እጁን የሚያውለበልብላት ዳቦ ጋጋሪ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሯት የሄደበት መንገድ ላይ እሱ የማያውቀው ነገር በቀለ። ቀናባት፤ እውነቱ ይሄ ነው።

እሑድ እሷ እህቷ ጋ ስትሄድ ባትሪውን ብስክሌቱ ላይ ሰክቶ፣ ሰንሰለቱን ፈትቶ ወደ ሕንጻው ጓሮ ገፋው። ዕድሜውን ሙሉ ብስክሌት ነድቶ አያውቅም። አውቶቡስ ደግሞ ሲቆም አይወድቅም፤ ይሄኛው ይወድቃል። ወደቀ፣ ተነሣ፣ የኃይሉን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፍቶ እንደገና ወደቀ። ሲመሽ ቤቱ ገብቶ ባትሪውን በቦታው አኖረው። ቻርጅ ማድረግ ግን ትዝም አላለው።

በማግሥቱ ባትሪው ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለ። ያንን ሁሉ ብረት እየገፋች፣ ላብ በላብ ሆና፣ አርፍዳ ደረሰች። ማታ ስትመለስ የተላጠ ክርኑን አየች።

«ምን ነካህ?»

«በሩ ነው የመታኝ።»

«በሩ የሰንሰለት ግሪስ አለው እንዴ?» አለች ወደ ሱሪው እግር እየጠቆመች።

አቀረቀረ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሕዝብ አጓጉዤ፣ አንድ ራሴን ማጓጓዝ አቃተኝ» አለ።

እሷ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ አዮዲን አምጥታ ክርኑን እየጠረገች፣ «ነገ ከሥራ መልስ እንወርዳለን። እንደ ሌባ ተደብቀህ ብስክሌት አትማርም» አለችው።

ወረዱ። ኮርቻውን ዝቅ አድርጋ፣ ከኋላ ይዛ፣ «ጎማውን አትይ፣ አሻግረህ እይ!» ትለዋለች። እሱ ራሱ ለስንቱ ጀማሪ ሹፌር ያለው ቃል ነው። በአሥረኛው ቀን ለቀቀችው፤ መልቀቋን ያወቀው ጓሮውን ዞሮ ሲመጣ ከፊት ለፊቱ ቆማ ሲያያት ነው።

ብዙም ሳይቆይ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የአውቶቡስ ጋራዥ ኃላፊ ደወለለት። አዳዲስ ሹፌሮችን በሳምንት ሦስት ጠዋት እንዲያሠለጥን ፈልገውታል። «ግን ጋሼ፣» አለው፣ «በጋራዡ በኩል የሚያልፍ የአውቶቡስ መስመር የለም፤ የሠራተኛ ሰርቪሱ ደግሞ ጡረተኛ አይጭንም። በምን ይመጣሉ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ነርሷ አዲስ ገዝታ ስለነበር አሮጌዋ ብስክሌት ለእሱ ሆነች። የመጀመሪያው ቀን የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከቶ በጋራዡ በር ሲገባ፣ የተደረደሩት አውቶቡሶች ክላክሳቸውን በአንድ ላይ ለቀቁበት።

«ሰባት ቁጥር! ተሳፋሪ የለም እንዴ?» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«ሞልቷል! ትርፍ አልጭንም!»

አሁን በእነዚያ ቀናት ባልና ሚስት አብረው ነው የሚወጡት። እሷ ትፈጥናለች። እሱ የአውቶቡስ ፌርማታ ባየ ቁጥር ሳያስበው ፍሬን ይይዛል፤ እሷም «አንተ ሰውዬ፣ ማንን ልታወርድ ነው?» እያለች ትቆጣዋለች። ፋርማሲው ጋ መንገዱ ይለያል፤ እሷ ወደ ዳገቱ፣ እሱ ወደ ድልድዩ። እሱ ግን ወዲያው አይታጠፍም። አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ዳገቱን ወጥታ ከዓይኑ እስክትሰወር ያያታል። ከዚያ ሰዓቱን ያይና፣ ረፈደብኝ ብሎ ፔዳሉን ይረግጣል።